ገዢ ያጣው ሐራጅ

አንድ ባንክ ነበረ፣ በአንዲት የሰሊጥ ከተማ ውስጥ። የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው አክሲዮን ገዝተው ያቋቋሙት ነው። ሌላ ባንክ በአካባቢው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅም የዚያው አገር ተወላጅ ሲሆን፣ በጥንቃቄው የተመሰገነ ሰው ነበር። ጥንቃቄው አንዲት ሕግ ነበረችው፦ ግንብ የሌለው ሰው ብድር አያገኝም። «ሰው ይታመማል፣ ይዋሻል፣ ይጠፋል። ግንብ ግን የትም አይሄድም» ይል ነበር።

በዚያች ከተማ ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። በርበሬውን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ጋሽ ዓለምነህ ወፍጮ ቤት ታስፈጫለች። ከትርፏ ግማሹን የሚበላው የማስፈጫው ክፍያ ነው። ያም ሆኖ ለአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቅዳሜ ሳታጓድል ባንክ ሄዳ አስቀምጣለች። ጋሽ ዓለምነህ አርጅተው ወፍጮውን ሊሸጡ ሲያስቡ መጀመሪያ የነገሩት ለእሷ ነው። «ለባዳ ከምሰጠው አንቺ ውሰጂው፣ ልጄ» አሏት። ያጠራቀመችው ገንዘብ የዋጋው ግማሽ ስለነበር፣ ቀሪውን ለመበደር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«የቤት ካርታ አለዎት?» አላት።

«እኔ የምኖረው በኪራይ ነው፣ ጌታዬ። የቁጠባ ደብተሬን ግን ይዩልኝ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ነው።»

«ደብተርዎ የሚያስመሰግን ነው። መያዣ ግን አይሆንም። ወፍጮ ይሰበራል፣ በርበሬ ይነቅዛል፣ እርስዎም ሊታመሙ ይችላሉ። ይሄ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አደጋ ላይ ልጥለው አልችልም።»

እሷ ገና ከወንበሩ ሳትነሳ አቶ ማዘንጊያ ገባ። የከተማዋ ትልቁ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀበለው። ሰውየው ዋጋው ሳይወደድ ሰሊጥ ሊገዛ ብድር ፈልጓል፤ መያዣው ደግሞ ቀድሞ በዚሁ ባንክ ብድር ያሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ነው። የታዘዘለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጉዳዩ አለቀ። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

አትጠገብ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ጠየቀች። «ለእኚህ ሰው በሚሰጡት ገንዘብ ውስጥ የእኔም አለበት?»

«እንዴታ! የባንክ ሥራ ይሄው ነው። ካስቀማጩ ተቀብለን ለሠሪው እናበድራለን። ካዝና ውስጥ የምናስቀረው ጥቂቱን ነው።»

«እኔ ልበደር ስመጣ ዋስትና ጠየቁኝ። የእኔን ወስዳችሁ ስታበድሩስ ለእኔ ማነው ዋሴ?»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቀና በመስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ አመለከታት። «እነዚያ ናቸዋ!» ከመንገዱ ዳር ሰባት ሕንጻዎች ተደርድረዋል፤ ሰባቱም የባንኩ መያዣ፣ ሰባቱም የሰሊጥ ነጋዴዎች ንብረት።

አትጠገብ ሄዳ ጋሽ ዓለምነህን እንዲጠብቋት ለመነች። ሽማግሌው አራት ዓመት ጠበቋት። በአራቱ ዓመት ልብስ አልገዛችም፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ዶሮ አላረደችም። ቀሪውን ግማሽ በዚያ መንገድ ሞላችው።

በሞላችበት ዓመት የሰሊጥ ዋጋ ወደቀ። የሚገርመው የዋጋው መውደቅ አይደለም፤ የእህል ዋጋ መቼ ቆሞ ያውቃል? ሰባቱም ነጋዴዎች በአንድ ወር ውስጥ መክፈል አቃታቸው። ባንኩም በአቶ ማዘንጊያ ሕንጻ ጀምሮ የሐራጅ ማስታወቂያ ለጠፈ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ አገር በዕዳ የተያዘ ቤት በሐራጅ መግዛት ትልቅ ነውር ነው። የገዛውን ሰው ዕድር ያገልለዋል፤ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት አያገኝም። አቶ ልሳነወርቅ ራሱ፣ አጎቱ የጎረቤቱን ቤት በሐራጅ ስለገዛ፣ አጎትየው እስኪሞት ድረስ ደጃፉን አልረገጠም። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሰባት ሕንጻ መያዣ አድርጎ ሲፈርም አንድ ቀን እንኳ «ማን ይገዛዋል?» ያላለው። ቢሮ ሲገባ አገሩን በር ላይ ጥሎ የሚገባ ይመስለኛል።

በሐራጁ ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። የሐራጁ መሪ የመነሻውን ዋጋ ጠራ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የማዘንጊያ ሚስት ጥቁር ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማ አንድ በአንድ ታስተውላቸዋለች። ዋጋው ቀነሰ፤ እጅ ያነሳ የለም። በሦስተኛው ጥሪ አንድ እንግዳ ሰው እጁን ሊያነሳ ሲል አጠገቡ የነበሩት አዛውንት ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ እዚህ አገር ልትቀበር ታስባለህ?» አሉት። እጁን ኪሱ ከተተ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ግንቡ አልሸሸም፤ ያው እንደቆመ ነው። ግን ተቆርጦ ለቆጣቢ አይታደልም። አቶ ልሳነወርቅ ለማዘንጊያ አዲስ ብድር ጽፎ ያልተከፈለውን አሮጌ ብድር ዘጋበት፤ ለሰባቱም እንደዚያው አደረገ። በወረቀት ላይ አንድም የታመመ ብድር አልቀረም። ማዘንጊያም ሕንጻው ውስጥ ኖረ።

ሐራጁ ገዢ ማጣቱን ያየ ቆጣቢ ሁሉ ገንዘቡን ሊያወጣ ወጥቶ ስለነበር፣ አትጠገብ የራሷን ልታወጣ ስትመጣ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ደርሷል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው በሳምንት ለአስቤዛ የምትበቃ ብቻ ናት ተባለ። እየተጋፋች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ጋሽ ዓለምነህ ታመዋል። ነገ ልጃቸው ሊወስዳቸው ነው። ዛሬ ካልከፈልኩ ወፍጮውን ብረት ገዢ ይወስደዋል።»

«ገንዘብዎ አልጠፋም፣ ወይዘሮ አትጠገብ። ትንሽ ይታገሡን።»

«እኔ ተበድሬ አልካድኩ! ያልከፈለው ቤቱ ተኝቷል፣ እኔን ታገሺ ይሉኛል?»

አቶ ልሳነወርቅ ወደ በሩ ዞረ። ቀጣዩ ይግባ አለ።

በማግስቱ ወፍጮውን በመዶሻ ሰባብረው መኪና ላይ ጫኑት። የተሸጠው በኪሎ ነው። ጋሽ ዓለምነህ ከልጃቸው መኪና ውስጥ ሆነው «ይቅር በዪኝ» አሏት። «እርስዎ ምን አጠፉ፣ ጋሼ» አለችና አለቀሰች። ገንዘቧ ተቆራርጦ ተቆራርጦ በሦስት ዓመት ተከፍሎ አለቀ። ያን ጊዜ ግን የወፍጮ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ነበር። ዛሬም በርበሬዋን በሰው ወፍጮ ታስፈጫለች፤ ለዚያውም ሌላ ከተማ በጭነት መኪና እየላከች።

ወዳጆቼ፣ መያዣ የሚባለው ነገር ዋጋ የሚኖረው በችግር ቀን የሚገዛው ሰው ሲገኝ ነው። በአንድ እህል ገበያ ላይ የቆሙ ሰባት ሕንጻዎች በአንድ ቀን ይወድቃሉ። አገሩንና ሰዉን ሳያውቅ ካርታ ብቻ የሚያነብ ጠንቃቃ፣ ድሃውን በር ላይ መልሶ አደጋውን በዚያው ድሃ ጀርባ ላይ ይጭነዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በዚያች ከተማ ብድር ሳይወስድ ዕዳ የከፈለው ማን ነው?