የቲክቶኩ ቆንጆና ቲማቲም ሻጯ

ያቤጽ የሚባል መልከ መልካም ጎረምሳ፣ አንድም ሙያ ሳይኖረው ፀጉሩን ወደ ኋላ እያደረገ ብቻ በቲክቶክ ገነነላችሁ! አንድ ቀን አጃቢዎቹን አስከትሎ ጉልት ወረደና ቲማቲም ሻጯ ላይ ስልኩን ደገነ።

«እማማ፣ አገር ምድሩ በቀጥታ እያየን ነው። መልኬን አይተው የሚገባኝን ያድርጉልኝ! እምቢ ካሉ፣ ቲማቲሙ የበሰበሰ ነው ብዬ ገበያዎን እዘጋዋለሁ።»

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ካልሸጠች ልጆቿ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ግን ምኗ ሞኝ! ብድግ ብላ አገጩን ያዘችና፣ «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ! ከሰው ዓይን ያውጣህ!» እያለች ያንን የተወለወለ ፊት በምራቅ አረሰረሰችው።

«ምን መሆንዎ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ልጄ፣ ለመልክ የሚገባው እንትፍ እንትፍ ነው። ሙያ ብታሳየኝማ አጨበጭብልህ ነበር!»