ከኢማሙ ይቀድም የነበረው ኮርቻ ሰፊ

ከቀደሙት ከተሞች በአንዷ ሸህ በድሩ የሚባሉ፣ በሶብራቸውና በትዕግሥታቸው የታወቁ አዛውንት ኢማም ነበሩ። አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ነስሩ የተባለ ኮርቻ ሰፊ አንገቱን ደፍቶ ቀረባቸው።

«ሸሆቼ፣ በንዴት ሁለት ጊዜ ጦላቅ፣ «ፈትቼሻለሁ» የሚለውን ቃል፣ አወጣሁ። ሁለቴም አልቅሼ ባለቤቴን ዘይነባን መለስኳት። ሦስተኛው ካመለጠኝ መመለስ የለም፤ ሚስቴን አጣኋት። ምላሴን የሚይዝልኝ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ሸሁም፣ «ዱዓውን አደርጋለሁ። አንተ ግን ሱጁድ ስትወርድ ትቀድመኛለህ፤ ጉልበትህ መሬት ሲመታ ከኋላዬ ይሰማኛል። ከነገ ጀምሮ የእኔ ግንባር መሬት ሳይነካ ጀርባህን አትጠፍ» አሉት።

ነስሩ ቱግ አለ። «እኔ ስለ ትዳሬ ሳወራ እርስዎ ስለ ጀርባዬ ያወሩኛል?»

መስጂዱ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ነስሩ በኀፍረት ጆሮው ግሎ ወጣ።

ያም ሆኖ ታዘዘ። ቀላል የመሰለው ነገር ግን ጉድ አደረገው። «አላሁ አክበር» ሲባል ጉልበቱ ሳያዘው ይታጠፋል። ወገቡን እንደ እልኸኛ በቅሎ እየገታ፣ በሰው ፊት እየተንገዳገደ፣ እያፈረ ቀስ በቀስ መቆየትን ለመደ።

ክረምት ሲገባ ዘይነባ ለኮርቻ ያለፋውን ቆዳ ደጅ ረሳችው፤ ዝናብም አበላሸው። ነስሩ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ያቺ ቃል ምላሱ ላይ ደረሰች፤ አፉንም ከፈተ። ሰውነቱ ግን እንደለመደው ባለበት ቆየ፣ ቃሏም ሳትወጣ ቀረች። ሚስቱን ደህና አድርጎ ያያት ያኔ ነው። ዘይነባ ነጠላዋን ደርባ፣ ጫማዋን አጥልቃ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ያቺን ቃል እስክትለኝ ነው የምጠብቀው» አለችው።

ነስሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሮጦ ወደ ሸሁ ሄደና፣ «ምላሴንስ ያዝኩ ሸሆቼ፤ ግን በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም» ብሎ ያየውን ነገራቸው።

ሸህ በድሩም፣ «አንተ መቆየትን ተማርክ። እሷ መፍራትን እስክትተው ደግሞ ጠብቃት» አሉት።

ወገኖቼ፣ ነፍስ በምክር ብቻ አትገራም። አካል መቆምን፣ መቆየትን፣ በሰዓቱ መውረድን ሲለምድ ልብና ምላስም አብረው ይማራሉ። ሶላት በየቀኑ ይህን ያስተምረናል፤ እኛ ከኢማሙ ጋር ተሽቀዳድመን እንወጣለን። ደግሞ አንድ ቀን ቁጣችንን ከዋጥን ምስጋና እንጠብቃለን! ኮቴያችንን ሰምቶ የሚሸማቀቅ ሰው ቤታችን ውስጥ እያለ በምናችን ነው የምንኮራው? አላህ ማፈሩን ይስጠን።