ከወንዙ ማዶ የተሰቀሉ ቀፎዎች

ወይንሸት ከጓደኞቿ ጋር የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የፊደል ማረሚያ ፕሮግራሞች እየሠራች ለማንም በነጻ ትሰጣለች። አንድ ቀን ወደ ቀድሞ አስተማሪዋ ወደ መምህር ላቀው መጣች።

«መምህር፣ ሥራችን በየቦታው ተበታትኗል። አንድ ትልቅ ድርጅት ሁሉንም በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ላስቀምጥላችሁ ብሎናል። ግማሾቹ እንግባ ይላሉ፤ ግማሾቻችን የራሳችን ቤት ይኑረን እንላለን። ልንለያይ ነው፤ የት እናድርገው?» አለቻቸው።

መምህሩም እንዲህ አሉ።

አንድ ንብ አናቢ ሰው ነበረ። መንደሩ ሁሉ ንብ ያረባ ነበርና ቀፎው በየዛፉ ተበትኖ ግማሹን ጉንዳን ይፈጀው፣ ግማሹን ንፋስ ይጥለው ነበር። አንድ ባለጸጋ ይህን አይቶ፣ «አበባ የሞላበት ሰፊ ግቢ አለኝ፤ ዘበኛም አለኝ። ቀፏችሁን አምጡ፤ ምንም አልጠይቃችሁም» አላቸው። ሰዎቹ ደስ አላቸው።

ንብ አናቢው ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ መውጣት ብንፈልግስ?» ሲል ጠየቀ።

ባለጸጋው ሳቀ። «ከአበባ መሐል ማን ይወጣል?» አለ።

ሰውየውም ቀፎውን ከሌሎቹ ጋር አስገባ። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ባዶ ቀፎዎችን በወይራ አጠነ፣ በሰም አሸ፣ ለየጎረቤቱ ቆጥሮ አንድ ዋርካ ላይ ሰቀለ። በየዓመቱም ያድሳቸው ነበር። ሰው አላገጠበት።

ዓመታት በደኅና አለፉ፤ ማሩም በዛ። ኋላ ባለጸጋው ሞተና ግቢው ለልጁ ሆነ። ልጁ በሩን ቆልፎ፣ «በአጥሬ ውስጥ ያለ ሁሉ የእኔ ነው» አለ። ቢለምኑት አልሰማም። ዘበኞቹም ለንቡ ምግብ ሳያስቀሩ ማሩን ሙልጭ አድርገው ቆረጡት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የተራበው ንብ ተነሣ። አውራዎቹ ወጡ፤ መንጋው ተከተላቸው። ሰማዩ ጠቆረ። ድምፁ እንደ ክረምት ወንዝ ምድሩን አንቀጠቀጠው። ዘበኞቹ ዱላቸውን ጥለው ተንበረከኩ፤ ወጣቱ ጌታም ቁልፉን እንደ ጨበጠ ሽቅብ እያየ ቀረ። ንቡ በአጥሩ ላይ አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ዋርካውን ሞላው። የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ። ንብ አናቢው ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ፣ «አቤት ሥራህ!» አለና አለቀሰ።

መምህሩ ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«እናንተም እንደዚያ ሰው አድርጉ፣ ልጄ። በድርጅቱ ግቢ አዲስ መጪ በቀላሉ የሚያገኛችሁ ከሆነ ግቡ፤ ሥራችሁንም አንድ ላይ አድርጉት። ግን ከመግባታችሁ በፊት ከአጥሩ ውጭ የራሳችሁን ቀፎ ስቀሉ። የማኅበሩ ስምና አድራሻ በእጃችሁ ይሁን፤ የሥራው ሙሉ ቅጂ እስካሁን ከተደረገበት ለውጥ ታሪክ ጋር እናንተ ዘንድ ይኑር፤ በየጊዜውም አድሱት። በሩ የተዘጋ ቀን ማሩ ሊቀር ይችላል፤ ንቡ ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሂጂና ሳትለያዩ ወስኑ፤ ተከፋፍሎ የተነሣ ንብ ዋርካ አይሞላም።»