ጎንበስ በሉ፣ ትራፊክ አለ!

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሚኒባስ ገዛ። ከየት አምጥቶ ገዛ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ጅብ ሲበላ እንጂ ሲያገኝ ያየው የለም። በመኪናው በር ላይ «የመጫን ልክ 12 ነፍስ» የሚል ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። አያ ጅቦ ማንበብ ስለማይችል ጽሑፉ ጌጥ ይመስለዋል። ረዳቱ ቀበሮ ግን አሳምሮ ያነባል፤ ስለሚያነብም ተሳፋሪ ሲጠራ ጽሑፉን በጀርባው ሸፍኖ ነው የሚቆመው።

በአንድ የገበያ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ሊወርዱ ተነሡ።

«የሞላ! የሞላ! ሁለት ብቻ የቀረው!» ይላል ቀበሮ። ሁለቱ ሲገቡ ሌላ ሁለት ይቀራል፤ እነሱም ሲገቡ እንደዚያው። የቀበሮ ሁለት አያልቅም።

ከተሳፋሪዎቹ መሃል አውራ ዶሮና ሚስቱ እመት ዶሮ ነበሩ። የእመት ዶሮ የእህት ልጅ ቆላ ውስጥ ልትዳር ስለሆነ ለሰርጉ ይጣደፋሉ። አውራው ቀድሞ ገብቶ የመስኮቱን ወንበር ያዘ። ለሚስቱ ቦታ ጠፋ።

«እናቴ፣ አንቺ ቀላል ነሽ፤ ከወንበሩ ሥር ግቢ» አላት ቀበሮ።

እመት ዶሮ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ግቢ እንጂ! ሰርጉ ሊያመልጠን ነው» አላት። ገባች።

አሁን ሞላ ሲባል አያ ጅቦ ከሥጋ ቤቶች ጓሮ የለቀመውን አጥንት በጆንያ በጆንያ እየጎተተ መጣ። ጆንያዎቹ በተሳፋሪዎቹ መሃል፣ መተላለፊያው ላይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እስከ ጣሪያው ተደረደሩ። በገመድ ያሰራቸው የለም።

አህያ ይሄኔ መናገር ጀመረ። «አያ ጅቦ፣ ይህ ጆንያ ቁልቁለት ላይ ማጅራታችን ላይ ነው የሚወርደው። ወይ ጆንያው ይውረድ፣ ወይ ትርፍ የሆንነው እንውረድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ የእኛ፣ ተረቱ ያንተ?» አለ አውራ ዶሮ ክንፉን እያርገፈገፈ። «ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ!»

«ፋዘር፣ ሥራ አታስፈታን» አለ ቀበሮ።

መኪናው በሙሉ ሳቀ። የሚገርመው፣ የሚስቁት ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ነው።

ትንሽ እንደ ሄዱ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። በዚያ አገር ሹፌር ለሹፌር ሰላምታ ቢነፍግም ይህችን ምልክት ግን አይነፍግም።

«ትራፊክ አለ! ጎንበስ በሉ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

አቤት መታዘዝ! ለአህያ ምክር ጆሮ ያልሰጠ ተሳፋሪ ሁሉ እጥፍ አለ። ፍየል ቀንዷን ከበግ ሆድ ሥር ሸሸገች፣ በግ ትንፋሹን ዋጠ፣ አህያ እንኳ ሳይወድ በግዱ ጆሮውን አጣጠፈ።

ትራፊኩ ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ፀጉሩ ለደንብ ልብስ የተፈጠረ ይመስላል። ፀሐዩ ስለበረታበት ከዛፉ ጥላ ሳይወጣ በሩቁ ጭንቅላት ቆጠረ።

«ስንት ናችሁ?»

«በልካችን ነን ጌታዬ!» አለ ቀበሮ።

«እለፉ።»

ኬላውን እንዳለፉ መኪናው በሳቅ ፈረሰ። «ሸወድነው! ሸወድነው!» ተባለ። እኔ እዚያ ብኖር «ማንን?» ብዬ በጠየቅኋቸው ነበር፤ ጉሬዛ እንደሆነ በጥላው ሥር በደህና ቆሟል።

ከወንበሩ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ትራፊኩ አለፈ?»

«አልፈነዋል» አለ አውራው። «ግን እዚያው ቆዪ፤ ሌላ ሊኖር ይችላል። ድምፅሽንም አታሰሚ።»

ቁልቁለቱ የጀመረው ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነው። ከላይ የነበረው ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀና አፉ ተፈታ። አንድ ወፍራም የታፋ አጥንት እየተንከባለለ ሄዶ ከአያ ጅቦ እግር ሥር፣ ከፍሬኑ አጠገብ ቆመ። ሌላ ሹፌር ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አያ ጅቦ ግን ምራቁን ዋጠ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? እሱ ቀንድም አልቀረበለት፤ መሪውን ለቆ አጥንቱን ሊነክስ ወረደ። አሁን ጎንበስ ያለው ሹፌሩ ነው።

መኪናው መታጠፊያውን ስቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ በጎኑ ተጋደመ። ትንሽ ወዲያ ቢሆን ገደሉ ነበር።

ተሳፋሪው እያነከሰ፣ እያቃሰተ በመስኮት በመስኮት ወጣ። ጉሬዛ ድምፁን ሰምቶ ፊሽካውን እየነፋ ሲሮጥ ሲያየው ቀበሮ ደሙን ከአፍንጫው እየጠረገ ጮኸ። «ትራፊክ መጣ! ትርፍ የሆናችሁ ጫካ ግቡ!»

ታምናላችሁ? ገቡ። አንድ እግሯ የተሰበረ ፍየል በሦስት እግሯ እየዘለለች ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ጎንበስ አለች። አህያም ተከተላት።

ጉሬዛ መንገድ ዳር የቆሙትን ቆጠረ። ልክ ናቸው። ወደ መኪናው ተጠግቶ «ውስጥ የቀረ አለ?» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም።

«ሁሉም ወጥቷል ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ አጥንቱን በብብቱ እንደያዘ። «በልካችን ነን።»

«እንግዲያስ ማንሻው ነገ መጥቶ ያነሣዋል» ብሎ ጉሬዛ መንገድ ጀመረ።

አውራ ዶሮ ሚስቱ ከቁጥቋጦው ውስጥ ያለች መስሎት በዐይኑ ፈለጋት። አህያ ከቅጠሉ መሃል ብቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የለችም። አውራው ላባው ሁሉ ቆመ።

«ዝም በል! ልታስቀጣን ነው?» አለው ቀበሮ በሹክሹክታ። «ቀድማ ወጥታ ይሆናል።»

አውራው አንድ ጊዜ ቀበሮን አየ፣ አንድ ጊዜ የተጋደመውን መኪና። ከዚያ ጮኸ፤ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

«ጌታዬ ተመለስ! በልካችን አይደለንም! ሚስቴ ከሥር ናት፤ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ!»

ከቁጥቋጦው ሁሉም ወጡ። አህያ ጆንያውን በጥርሱ እየጎተተ፣ ጉሬዛ በእጁ እያነሣ፣ አውራው እያለቀሰ የአጥንቱን ክምር ናዱት። ከሁሉም ሥር እመት ዶሮ ክንፏን በራሷ ላይ ደፍታ፣ ላባዋ ተነጭቶ፣ ጠፍጣፋ ሆና ተገኘች። እስትንፋሷ አለ። ጉሬዛ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ አነሣት።

እሷም ዐይኗን ሳትገልጥ በቀጭን ድምፅ ጠየቀችው።

«ትራፊኩ አለፈ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ትራፊክ የሚቆጥረው ቀና ያለውን ብቻ ቢሆንም አደጋ ግን ጎንበስ ያለውንም ጨምሮ እንደሚቆጥር ነው።