አህያ ሱቋን የዘጋችበት ክረምት

አንድ ጊዜ፣ መብራት በገባበት አንድ ጫካ ውስጥ፣ አንዲት አህያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከፍታ ትሠራ ነበር። ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ አምፖል፣ ማሞቂያ፣ የጫካው እንስሳ የሚፈልገው ሁሉ ከመደርደሪያዋ አይጠፋም። ዕቃውን ሩቅ አገር ድረስ ሄዳ በገዛ ጀርባዋ ጭና ነበር የምታመጣው። ሸክም ታውቃለች፤ ሸክም አያማርራትም።

አህያ ያልሞከረችውን ዕቃ አትሸጥም። ገዢው ፊት ካርቶኑን ትከፍታለች፣ ባንኮኒው አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ታበራለች። ለገዢው የማይሆን ከሆነ «ይሄ ለአንተ አይሆንም፣ ገንዘብህን አታባክን» ብላ ትመልሰዋለች። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣውንም ፈታ፣ ጠርጋ፣ አጥብቃ ታስረክበዋለች። ለዚህ ሁሉ ድካም አንድም ቀን ገንዘብ ጠይቃ አታውቅም። ዋጋ የምትጠይቀው ለዕቃው ብቻ ነበር።

ሱቁ ያለበት ቤት የአያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ በዚያ ዘመን አህያ መብላት ትቶ ነበር፤ አንዴ በልቶ ከሚጨርሳት በየወሩ ኪራይ ብትከፍለው እንደሚሻለው ስለገባው ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ከገባው በኋላ ግን ለሚያገኘው ሁሉ ያወራው ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ቀበሮም ነጋዴ ሆነ። ሱቅ አልከፈተም። ጉድጓዱ ውስጥ ካርቶን ደረደረ፣ የዕቃዎቹን ፎቶ አነሳና ለጫካው ሁሉ በስልክ ላከ። ከፎቶው ሥር «ከሱቅ ዋጋ በታች። ቤትዎ ድረስ እናመጣለን» ብሎ ጻፈ። ኪራይ አይከፍልም፣ በር ከፍቶ አይውልም፣ የማንንም ዕቃ አይጠግንም። ስለዚህ ዋጋ መቀነስ አልከበደውም።

እመት ጦጢት ሬዲዮ ፈልጋ ደወለችለት።

«ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይሻለኛል?»

«እሱንማ በስልክ እንዴት አውቅልሻለሁ?» አለ ቀበሮ በለሰለሰ ድምፅ። «እትዬ አህያ ጋ ሂጂና እይው። ሰክታ ታሰማሻለች፤ ደግ ናት። የወደድሽውን ዕቃ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ያዢና ላኪልኝ። እኔ ቀንሼ አመጣልሻለሁ።»

ጦጢት ሳቀች። ድሮም ብልህ መሆኗን ታውቃለች፤ ያን ቀን ደግሞ የበለጠ ታወቃት።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ገባች።

«እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ። ምን ላሳይሽ?»

«ሬዲዮ ነበር። ዛፌ ላይ ንፋስ ይበዛል፤ የትኛው ጥርት ብሎ እንደሚሰማኝ አላወቅሁም።»

አህያ ሦስት ካርቶን አወረደች። አንዱን ሰክታ አሰማቻት። ሁለተኛውን ሰክታ አሰማቻት። ሦስተኛውን ስትሰካ ራሷ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ነው የአንቺ። አንቴናው ረጅም ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ብታስሪው ጣቢያውን አይለቅም። ያኛው ውድ ነው፣ ግን ለዛፍ ቤት አይረባም» አለቻት።

ጦጢት ካርቶኑን አገላብጣ ቁጥሩን በልቧ ያዘች። «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለች። አህያ የመጨረሻውን ነገረቻት።

«እሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ።»

«ነይ የኔ እናት» አለች አህያ፣ ሦስቱንም ሬዲዮ መልሳ ወደየካርቶኑ እየከተተች።

ጦጢት ዞራ አልመጣችም። የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ያው ሬዲዮ በእጇ ነበር። ቀበሮ አምጥቶላት አንቴናው አልወጣ ብሏታል። ትንሽ አፈረች፣ ግን ብዙም አይደለም። አህያ ሬዲዮውን አየችው። ከመደርደሪያዋ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። አንቴናውን ቀስ ብላ አላቀቀች፣ ዘይት ነገር ጠብ አደረገችለት፣ ሰክታ አሰማቻትና ሰጠቻት።

ጦጢት ያደረገችውን ድኩላ ሰማ፣ ድኩላ ለከርከሮ ነገረው፣ ከርከሮ ለጥንቸሎች። ከዚያ ወዲያ የአህያ ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ እንስሳ አጥቶ አያውቅም። ሁሉም ያያል፣ ይሞክራል፣ ይጠይቃል። ሁሉም ዞሮ ሊመጣ ይሄዳል።

አያ ጅቦ አንድ ረፋድ በዚያ ሲያልፍ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ አየ። ጥንቸሎች ባንኮኒው ላይ ሳይቀር ወጥተዋል። አንድም ካርቶን ተሸክሞ የሚወጣ እንደሌለ ግን አላስተዋለም።

«ሀብታም ሆነሻል» አላት። «ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ እነዚህ የሚያዩ እንጂ የሚገዙ አይደሉም።»

«ካልገዙ ምን ይሠራሉ ታዲያ?»

«ይጠይቁኛል።»

ጅብ ጭንቅላቱን አከከ። መጠየቅ ለምን እንደሚጠቅም ሊገባው አልቻለም፤ እሱ በዕድሜው አንድም ነገር ጠይቆ አያውቅም። «አታታልዪኝ። እጥፍ ብያለሁ፣ እጥፍ ነው» አለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ኤሊ መጣ። ኤሊ የሱቁ የቆየ ደንበኛ ነው ይባላል እንጂ በዕድሜው የገዛው አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱም አህያ መርጣ የሰጠችው ስለሆነ እስካሁን አልተበላሸም። ባንኮኒው ሥር አረፍ ብሎ እንዲህ አላት፦

«ልጄ፣ ቀበሮ ካርቶን አለው። አንቺም ካርቶን አለሽ። በካርቶን አታሸንፊውም፤ እሱ ኪራይ የለበትም። ግን አንቺ ጋ እሱ የሌለው ነገር አለ። እሱን ደግሞ ለሁሉም በነጻ ትሰጫለሽ።»

«ምኑን?»

«ዕውቀትሽን ነዋ። እንስሳው እዚህ የሚጋፋው ካርቶን ለማየት ይመስልሻል? ስትመርጪ፣ ስትሞክሪ፣ ስትጠግኚ ዋጋ ጠይቂ። ትንሽ ትሁን። ሬዲዮውን ከፈለጉበት ይግዙ፤ ምክሩንና ጥገናውን ከአንቺ ይግዙ።»

አህያ ሁለቱንም ጆሮዋን ጣለች። «አባቴ፣ ለአንድ ቃል እንዴት ገንዘብ እጠይቃለሁ? ጎረቤቶቼ እኮ ናቸው። ነውር ነው። ምን ይሉኛል?»

«ካልጠየቅሽስ ምን ትሆኛለሽ?»

«እችለዋለሁ» አለች አህያ። «ሸክም ለምጃለሁ።»

እኔ ይህን ተረት በተናገርኩ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ እናደዳለሁ። ከበደኝ ብትል ምን ነበረበት እላለሁ። ደግሞ ትንሽ ቆይቼ ሳስበው፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ለመጠየቅ አፍር ነበር። ጎረቤቱን ፊት ለፊት እያየ ለምክሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

አህያ እንዳለችው ቻለችው። እጥፉን ኪራይ ከፈለች። የራሷን ሣር ቀነሰች። በየዓመቱ አዲስ ዓይነት ዕቃ ይወጣል፤ እሷ ግን የአምናውን ሳትሸጥ የዘንድሮውን ለማምጣት አቅም አጠራት። መደርደሪያው ላይ አቧራ መታየት ጀመረ። ያኔ እነዚያው ሲሞክሩ የከረሙት እንስሳት «የአህያ ዕቃ አርጅቷል» እያሉ ያሟት ጀመር። ይህም ጆሮዋ ደረሰ። ከሁሉ ይልቅ ያመማት እሱ ነው።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት ሶኬቱን ነቀለች፣ የቀሩትን ካርቶኖች አወረደች፣ በሩን ከውጭ ቆለፈች።

ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጫካውን አዳረሰው። ሁሉም መጥቶ በሩ ላይ ተሰበሰበ። የሚያዝን አዘነ፣ የሚያለቅስም አልጠፋም። ከርከሮ የተበላሸ ባትሪ ይዞ መጥቶ ነበርና በሩን ደጋግሞ አየው። በመጨረሻ አንበሳ ራሱ መጣ።

«ማን ነው ያስዘጋሽ?» አለ በቁጣ። «ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ እቀጣዋለሁ።»

ሁሉም ዞሮ ጅብንና ቀበሮን አየ። ጅብ ሌላ እንስሳ የሚያዩ መስሎት እሱም ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ቀበሮ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ ማንንም አላስገደድኩም። እነሱ ናቸው የደወሉልኝ።»

አንበሳ ወደ ተሰበሰቡት ዞረ። «መልካም። ዘንድሮ ከዚህች ሱቅ አንድ ዕቃ የገዛ ወደ ፊት ይውጣ።»

ማንም አልወጣም። ጦጢት መሬት መሬት ታያለች። ጥንቸሎች እርስ በርስ ተሸሸጉ። አንበሳ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አልጋው አጠገብ ያለው መብራት ትዝ አለው። አህያ ሦስቴ ሰክታ አሳይታው፣ እሱ ከቀበሮ ያስመጣው መብራት ነው። አፉን ዘጋ።

«እንግዲህ…» አለ። ዞሮም ቀስ ብሎ ሄደ።

አህያ ቁልፉን ለአያ ጅቦ አስረከበች። ጅብ ቁልፉን እያሸተተ «አሁን ሦስት እጥፍ ለሚከፍለኝ አከራየዋለሁ» አለ። የሚከፍል አልመጣም። እሱ ግን ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያለ በባዶው ቤት በር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል።

ቀበሮ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ጨመረ። «ከሱቅ ዋጋ በታች» የሚለውን ጽሑፍም አጠፋው፤ የሚወዳደረው ሱቅ የለምና። ትእዛዝ ሲበዛበት ካርቶን የሚያደርስለት ፈለገ። አህያ ሥራ የላትም፤ ጀርባ ግን አላት፣ የሁሉንም ቤት ታውቃለች። ቀጠራት። በደረሰው ካርቶን ልክ ይከፍላታል፤ ለቆመችበትና ላወራችበት አይከፍላትም።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አላባራ አለ። በአንዱ ቀን አህያ በጭቃው እየተንሸራተተች ጦጢት ዛፍ ሥር ደረሰች።

«ማሞቂያው ነው?» አለች ጦጢት ከላይ። የአሥር ቀን ልጅ በጉያዋ አቅፋለች። ልጁ ይንቀጠቀጣል።

«እሱ ነው። ውረጂና ተቀበዪኝ።»

ጦጢት ወርዳ ካርቶኑን ቀደደች። አህያ ጀርባ ላይ ገና ዘጠኝ ካርቶን ነበረ፤ መሄድ ነበረባት። ግን ቆመች። ማሞቂያውን አየች፣ በዛፉ ግንድ ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን ሽቦ አየች።

«ጦጢት፣ አትሰኪው።»

«ለምን? ልጄ በብርድ ሊሞትብኝ ነው እኮ።»

«ይሄ ትልቁ ማሞቂያ ነው። የአንቺ ሽቦ ቀጭን ነው፤ አይችለውም። ግሎ ዛፉን ከእነ ልጅሽ ያቃጥልብሻል። ለአንቺ የሚሆነው ትንሹ ነው።»

ጦጢት እጇን ከማሞቂያው ላይ አነሳች። «ፎቶው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች።

«አዎ። በፎቶ አይለዩም።»

ጦጢት ስልኳን አውጥታ ቀበሮ ጋ ደወለች። ጠራ። አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ቀበሮ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ ከተቀበለ በኋላ ስልክ የማንሳት ልማድ የለውም።

«እትዬ፣ በዚህ ትንሹን ለውጪልኝ» አለች ጦጢት ተጣድፋ። ካለች በኋላ ነው ያስታወሰችው። ድምፅዋ ወረደ። «ለካ ሱቅ የለሽም።»

«የለኝም» አለች አህያ።

ልጁ አለቀሰ። ጦጢት ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ብልህነቷ ሁሉ በዚያ ዝናብ ውስጥ የትም አላደረሳትም። ከዚያ ቀና አለች።

«ባትነግሪኝ ኖሮ ልጄን በገዛ እጄ አቃጥለው ነበር። ስለነገርሽኝ ስንት ልክፈልሽ?»

አህያን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ማንም አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በሯን ከፍታ ስትውል፣ ስትሰካና ስትነቅል፣ አንድ እንስሳ እንኳ አልጠየቃትም። ዝናብ ስለነበረ እንባዋ አልታወቀም።

«አሁን ብትከፍዪኝ ምን አደርግልሻለሁ?» አለች። «የምለውጥልሽ ነገር የለኝም። ልጁን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዪው፣ ከደረትሽ አታውርጂው። ማሞቂያውን ግን አደራሽን፣ አትሰኪው።»

ጭነቷን አስተካክላ ዘጠኙን ካርቶን ይዛ ሄደች። ጦጢትም የማይሰካውን ማሞቂያ አጠገቧ አስቀምጣ፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጇን በሰውነቷ እየሸፈነች፣ ከላይ ንፋሱ ስለሚብስ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ግንዱ ሥር ተቀመጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለዕቃው ብቻ ዋጋ እየከፈልን ዕቃውን የሚመርጥልንን፣ የሚሞክርልንንና የሚጠግንልንን ድካም በነጻ ስንወስድ ከኖርን፣ ደካሚው በሩን የዘጋ ቀን በእጃችን የሚቀረው ዕቃው ብቻ መሆኑን ነው።