ጄሉን የላሰችው ሙሽሬ

እናት ልጇን ሳትነካ ዝም ብላ ማየት ያለባት መቼ ነው? እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። እናንተ ግን ተረቱን ስሙኝ።

ድሮ ነው ልበላችሁ፤ እንስሳት በገዛ እግራቸው ሐኪም ቤት በሚሄዱበት ዘመን። ሙሽሬ የምትባል ድመት ነበረች። ልጇ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ጥጥ። ጥጥ ርግብ አባርራለሁ ብሎ ከቆርቆሮ ጣራ ወደቀ። ተነሳና "ምንም አልሆንኩም" አለ። ድዱ ግን ደም እንዳጣ ነጭ ሆነ። ሙሽሬ ማጅራቱን በጥርሷ አንጠልጥላ ወደ እንስሳት ሐኪሟ፣ ወደ ዶክተር ትርሲት ሮጠች።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር ገባ፤ የት እንደገባ አልነግራችሁም። "ሙቀቱ ደህና ነው፣ ውሰጂው!" አለ ቴርሞሜትር።

ቀጥሎ የልብ ማዳመጫ ደረቱ ላይ ተለጠፈ። "ልቡ ይሮጣል፤ ፈርቶ ነው፣ ውሰጂው!" አለ።

"ኧረ ቆዩ!" አለ አልትራሳውንድ ከጥግ። "እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ሆዱን ውስጡን ልየው። ብቻ ጸጉሩን ላጩልኝ፣ ጄል ቀቡልኝ። ያለ ጄል ዕውር ነኝ።"

ዶክተሯ ላጨች፤ ጄል ቀባች። ሙሽሬ ደነገጠች። "ልጄን አቆሸሹብኝ!" ብላ ላሰችው።

"ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ" አለ አልትራሳውንድ።

ዶክተሯ ቀባች። ሙሽሬ ላሰች።

"አሁንም ጉም! ጄሌን ማን በላው?"

"እኔ አይደለሁም" አለች ሙሽሬ፤ ከጢሟ ግን ጄሉ ይንጠባጠባል።

ዶክተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ቀባች። የሙሽሬም ምላስ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ይሄኔ እግሩ በፋሻ ታስሮ ተራውን የሚጠብቀው፣ አይደፈር የሚባለው ውሻ ትዕግሥቱ አለቀ። ዘሎ ማጅራቷን ያዘና ልክ እሷ ጥጥን እንዳንጠለጠለችው አንጠለጠላት።

"ልቀቀኝ አንተ ባለጌ! እናት እኮ ነኝ!"

"እምም" አለ አይደፈር፤ አፉ ሙሉ ነው።

ያኔ አልትራሳውንድ አየ። "ጥቁር! ሆዱ ውስጥ ጥቁር ኩሬ አለ!"

"ሽንቱ ይሆናላ" አለ ቴርሞሜትር፣ እያፈረ።

"ሽንት ከረጢቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ግን በአንጀቱ መሃል ተንጣሏል። ደም ነው!"

ዶክተሯ በመርፌ ብትቀዳው፣ እውነትም ደም። ቶሎ ብላ ሆዱን ከፈተች፤ የሚደማውን ቋጠረች፤ መልሳ ሰፋች። ጥጥ ዳነ።

"እህቴ፣ አንዴ ብትደግሚው ኖሮ ልጅ አልነበረሽም" አላት አይደፈር። ሙሽሬ አለቀሰች።

ዶክተሯ ስትሸኛት "አደራ! ስፌቱ እስኪደርቅ አሥር ቀን እንዳትልሺው" አለቻት።

ይኸው ሙሽሬ ምላሷን ነክሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጥጥ ደግሞ "እማዬ፣ ይበላኛል፤ ትንሽ ላሺኝ፣ አንዴ ብቻ" እያለ ይለምናታል።

እንግዲህ ተረቴን ውሰዱና ምክር መልሱልኝ። የቀሩትን ሰባት ቀናት እንዴት ትቻላቸው? ልጅ ያሳደጋችሁ እስቲ ንገሯት። እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ።