ለጭልፊት ያበበችው ጽጌረዳ

ተረት ተረት ስላችሁ «የአጥር ሥር እውነት» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ። በሉ ቀረብ፣ ቀረብ። አንቺ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ እግርሽን አታወዛውዢ። ወይም ተይው፣ አወዛውዢ፤ የዛሬዋ ባለታሪካችንም እንዳንቺው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ናት።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲረግጡት «ኧረ ቀስ በሉ!» በሚልበት ዘመን፣ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። እጇ የነካው ተክል ሁሉ ይጸድቅላታል። የተሰበረ ዱላ ብትተክል እንኳ ያቆጠቁጥላታል ይባል ነበር፤ እኔ አላየሁም። ባሏ አያ ደምለው ደግሞ ከሚበላና ከሚጠጣ በቀር ተክል መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው። ጎመን ሲያይ ፈገግ ይላል። ጌሾ ሲያይማ ባርኔጣውን አንስቶ «እንደምን አደርሽ እሜቴ!» ይላል። ጌሾዋም ይህን ስለለመደች ጓሮው የግሏ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን የትርንጎ ባልንጀራ ሦስት የጽጌረዳ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«ምረጪ» አለቻት። «ይቺ ድንክ ናት፣ ከጉልበትሽ አታልፍም። ይቺ ጨዋ ናት፣ ካስቀመጥሽበት አትነቃነቅም። ይቺኛዋ ግን...» ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ይቺኛዋ መቀመጫ የላትም። ሽቅብ ነው የምትሮጠው።»

ትርንጎ የተራቆተ አጥሯን አየች።

«መቀመጫ የሌላትን ስጪኝ» አለች።

ከአጥሩ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ ጉድጓድ ቆፈረች። የበሰለ ፍግ አለበሰችበት። ሥሯ እንዳይደርቅ ጧት ጧት የማሰሮ እጣቢ አፈሰሰችላት፤ ከሥሯ ነው እንጂ ከቅጠሏ ላይ አይደለም፤ ቅጠል እርጥብ ሆኖ ካደረ ይነጣል። ጽጌረዳዋም ጸደቀች። ጸደቀችና ወዲያው ትቁነጠነጥ ጀመር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ጌሾ። «ገና ሥር ሳትሰጂ!»

«ከላይ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ከላይ ሰማይ ነው ያለው።»

«እሱንማ ከዚህም አየዋለሁ። እኔ መታየት ነው የምፈልገው። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ይታያል።»

እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ተነሳች። በመጀመሪያው ዓመት አጥሩ ጥግ ወደቆመው ባሕር ዛፍ ሄደች።

«አያ ባሕር ዛፍ፣ ተደግፌህ ልውጣ?»

«ውጪ» አለ ባሕር ዛፍ። ቁልቁል አይቶ ስለማያውቅ ማን እንደጠየቀውም አላየም።

እሾኋን ልጣጩ ላይ እየሰካች ወጣች፣ ወጣች። በጋ ሲገባ ግን ባሕር ዛፍ ልጣጩን ይጥል ጀመር። ሸርተት! ጽጌረዳ ከነልጣጩ መሬት ላይ ተዘረረች።

«አያ ባሕር ዛፍ፣ ምነው?»

«በየዓመቱ ልብሴን እለውጣለሁ፤ አልነገርኩሽም?»

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አለች ጌሾ ከታች።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ቤቱ ሳር ክዳን ሄደች።

«እሜቴ ክዳን፣ ተደግፌሽ ልውጣ?»

«ውጪ ልጄ፣ ውጪ፤ ብቻ...»

«ብቻ» ያለችውን አልሰማቻትም። ታዛው ሥር ራሷን አሾለከች፣ ሳሩን ጨብጣ ወጣች፣ ወጣች። ትርንጎ ምድጃ ስታነድ ጭሱ በሳሩ መሃል ሽቅብ መጣ። ቅጠሏ ጠቆረ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ጫፏ ደረቀ።

«እሜቴ ክዳን፣ ምነው?»

«ጭስ አለብኝ፤ አልነገርኩሽም?»

ትርንጎ ማጭድ ይዛ መጣች። የደረቀውን ቆረጠችላት፣ የጠቆረውን ቅጠል ለቀመችላት፣ «አይ አንቺ፣ ምን ይሻልሻል?» አለቻት። ከዚያ ረጅም ቀጥ ያለ አጣና አጠገቧ ተከለችና በልጥ ቀጥ አድርጋ አሰረቻት። ልጥ ታውቁታላችሁ፤ አጥር የምናስርበት የእንጨት ቆዳ ነው።

«አያ አጣና፣ አንተስ ልብስ ትለውጣለህ?» አለች ጽጌረዳ ጠርጥራ።

«እኔ? እንኳን ልብስ ሥርም የለኝ» አለ አጣና።

በሦስተኛው ዓመት እንግዲህ የሚያግዳት ጠፋ። የጠጣችውን ውሃ ሁሉ ወደ ጫፏ ትሰደዋለች፤ ውሃውም የትም ሳይቆም ሽው ብሎ ይወጣል። ታዛውን አለፈች። ጣራውን አለፈች። ከአጣናው ጫፍ ላይ አንዲት እንቡጥ ያዘች፤ እንቡጧም ፈነዳች። አቤት፣ ምን የመሰለች አበባ!

«አበብኩ!» ብላ ጮኸች። «አያችሁኝ?»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። አያ ደምለው ጌሾዋን ይዳብሳል።

«የምን አበባ?» አለች ጌሾ። «እኔ ከዚህ የማየው እሾህ ነው።»

ያየው ጭልፊት ብቻ ነበር። ዞሮ ዞሮ መጣና አንገቱን አዘንብሎ ተመለከታት።

«ቆንጆ ነሽ» አላት። «ግን ዶሮ አይደለሽም።» ብሎ ሄደ። ነፋስም አበባዋን በትኖ ወደ ወንዙ ወሰደው።

በዚያው ሳምንት አያ ደምለው ሲያልፍ እሾኋ እጀጠባቡን ያዘው። ቢስብ ተቀደደ።

«ትርንጎ!» አለ። «ሦስት ዓመት ውሃ አጠጣሽ፣ ሦስት ዓመት ፍግ ተሸከምሽ፣ አንድ አበባ አየሽ?»

«አላየሁም» አለች ትርንጎ።

«እንግዲያው መስከረም ሲጠባ አበባ ካላየሁ እነቅላትና ጌሾ እተክልበታለሁ። ሰማሽ?»

ትርንጎ መሬት መሬት አየች። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «እስከ መስከረም።»

ጽጌረዳ ሥሯ ድረስ ደነገጠች። «ትነቀያለሽ» ማለት ለተክል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ይቅር፣ አትጠይቁኝ። ደነገጠችና ምን ወሰነች? «እንዳልታይ ያደረገኝ ዝቅ ማለቴ ነው! አሁን ከፍ ብዬ እወጣለሁ!» አይ ጅል። ሰኔን ሙሉ ሮጠች። ሌትም ቀንም አላረፈች፣ ዝናብም አላስቆማት።

ሐምሌ ገባ። አያ ደምለው ከጎረቤት ሲመለስ ጭቃው አዳለጠው፣ ከነጋቢው ተንከባለለ። ትርንጎ ሳታየው ጋቢውን ራሱ አጠበው። በሐምሌ ጋቢ የሚያጥብ ሰው አይታችኋል? ፀሐይ ብልጭ ስትል ፈጥኖ ገመድ ፈለገ፤ አንዱን ጫፍ ከአጥሩ ማዕዘን፣ ሌላውን ከአጣናው አሰረና ያንን ውሃ የጠገበ ጋቢ ሰቀለበት።

አጣናው አቃሰተ። ዘመም አለ። ከዚያ ቋ! ጽጌረዳ፣ አጣና፣ ጋቢ፣ ሁሉም ባንድ ላይ አጥሩ ላይ ወደቁ።

«አያ አጣና፣ ምነው?» አለች ጽጌረዳ።

«እግሬን ምስጥ በልቶኛል፤ አልነገርኩሽም?»

«አያ ጋቢ፣ ተነስልኝ!»

«በየትኛው ጉልበቴ? አንድ እንስራ ውሃ ጠጥቼ!»

አያ ደምለው ዶማ ይዞ ሮጠ። «ራሷ ወደቀች! ሥራ ቀነሰችልኝ!»

ትርንጎ ከቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። «መስከረም ጠባ?»

«አልጠባም፤ ግን...»

«ታዲያ ቃልህ የት ሄደ?» አለችው። «ደግሞ ጋቢውን ማን አጠበው?»

አያ ደምለው ዶማውን ይዞ ተመለሰ።

ትርንጎ ጋቢውን ከእሾህ እሾህ እያላቀቀች አነሳች። በዝናብ መሃል ሌላ አጣና ከየት ታምጣ? እስከዚያው አላፊውን እንዳትወጋ ብላ ረጃጅም ቅርንጫፎቿን በአጥሩ ላይ ወደ ጎን ዘረጋችና በልጥ አሰረቻቸው። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ከበሩ በላይ።

«እሰይ!» አለች ጌሾ። «ለጥ ብለሽ እጅ ነሳሽ?»

ጽጌረዳን ከውርደቱ ይልቅ ሩጫዋን ማቆሟ አንገበገባት። ልጡን ለመነችው።

«ልቀቀኝ፣ መስከረም እየመጣ ነው!»

«አልለቅም» አለ ልጥ።

በማግስቱ «ልቀቀኝ!» አለች። «አልለቅም» አለ። በሠልስቱም ጮኸችበት።

«እኔ የያዝኩት ወገብሽን ነው» አለ ልጥ። «ሩጫሽን አልያዝኩም። የት እንደሚሄድ እስቲ እዪው።»

ያ ሽቅብ መሮጥ የለመደው ውሃ ከሥሯ ተነሳ። ሽው አለና ከመታጠፊያው ሲደርስ መንገዱ ጋደም ብሎ አገኘው። ሩጫው ሰነፈበት። ቆመና ያገኘውን በር አንኳኳ።

«ማን አለ?» አለ ውሃው።

«እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያዋ አንጓ። ሦስት ዓመት ሙሉ በደጄ ስታልፍ አንድ ቀን እንኳ እንደምን ዋልሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ቸኩዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ መሄጃ አጣሁ። ልግባ?»

«ግባ።»

ሁለተኛዋን አንጓ አንኳኳ፤ እሷም ወቀሰችው፤ አስገባችው። ሦስተኛዋን አንኳኳ፤ እሷም ወቀሰችው፤ አስገባችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ጽጌረዳ ይህን አላወቀችም። ሰውነቷን ሁሉ ስላሳከካት «ጉንዳን በላኝ!» እያለች ትጮህ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከባድ ዝናብ ጣለ። ልጡ ውሃ ጠጥቶ ረዘመ፣ ላላ።

«ከእንግዲህ አልያዝኩሽም» አላት። «ከፈለግሽ ሂጂ።»

ከላይ ጭልፊቱ ዞረ። «ነይ እንጂ! ምነው ቀረሽ?»

ጽጌረዳ ወገቧን ሳበች። አንድ ቅርንጫፍ ከአጥሩ ብድግ አለ። ያኔ ከመላ አካሏ ጩኸት ተሰማ፦ «ቀስ! ቀስ! ታረግፊናለሽ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን አየች። በየአንጓዋ ላይ አረንጓዴ እንቡጥ እንደ ጨሌ ተደርድሯል። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም፤ ቁጥሩ ጠፋት።

አሁን ምን ታድርግ? ብትነሳ ይረግፋሉ። ብትቀመጥ ደግሞ እስከ መስከረም ባይፈነዱስ? ዶማው ደጃፍ ላይ ተደግፎ ይታያታል። ጫፏ ሂጂ ሂጂ ይላታል። ያቺ መቀመጫ የሌላት ጽጌረዳ ቀስ ብላ ቅርንጫፏን መለሰች፤ ልጡ የለቀቃትን እሷው በራሷ እሾህ አጥሩን ጨብጣ ያዘች።

«እኔ አልሄድም» አለችው ጭልፊቱን። አፏ አለ እንጂ ልቧ ገና ይሮጥ ነበር።

ጳጉሜን አንድ፣ ምንም። ጳጉሜን ሦስት፣ ምንም። ጳጉሜን አምስት፣ እንቡጦቹ ጫፋቸው ቀላ፣ ግን አልተከፈቱም።

መስከረም ጠባ። አያ ደምለው በማለዳ ዶማውን ይዞ ወጣ። ትርንጎ ከኋላው መጣች።

«ጠባ» አላት።

«ፀሐይ አልወጣችም» አለችው።

«ትርንጎ!»

«ፀሐይ ሳትወጣ ጠባ አይባልም። ትንሽ ቁም።»

ቆሙ። እሱ ዶማውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ቆመ። ጽጌረዳ እሾኋን አጥብቃ ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይ ከኮረብታው ብቅ አለች፣ የአያ ደምለውን ግንባር ነካች፣ አጥሩን ነካች። ከአያ ደምለው አፍንጫ ሥር አንዲት እንቡጥ ተከፈተች። ከትከሻው ጎን ሌላ። ከበሩ በላይ ሌላ። ፀሐይዋ በአጥሩ ላይ በሄደች ቁጥር እየተከተሉ ተከፈቱ። አጥሩ ሁሉ ቀይ ለበሰ።

አያ ደምለው ዶማውን ወደ መሬት አወረደ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ።

«ያ የኔ ባርኔጣ ነበር!» አለች ጌሾ። «ለማንኛውም ጠላ አይወጣሽም።»

«አይወጣኝም» አለች ጽጌረዳ። «ያንቺን ጠላ ሊጠጣ የሚመጣ ግን በእኔ ሥር ነው የሚገባው።»

እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ ሊል የመጣ ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ እየቆመ ይገረም ጀመር። «ትርንጎ፣ ምን አደረግሻት?» ትርንጎም ቁራጭ እየሰጠች እንዲህ አለቻቸው፦ «ከአጥሩ አንድ ክንድ አርቁ፣ የበሰለ ፍግ ስጧት፣ የደረቀውን ቁረጡላት። እንደኔ ቀጥ አድርጋችሁ ግን አታቁሟት፤ ወደ ጎን አጋድሟት። እኔን ያስተማረኝ የደምለው ጋቢ ነው።» አያ ደምለውም «እኔ ነኝ ያጠብኩት!» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጽጌረዳዋስ? መቁነጥነጧን አልተወችም። አሁንም ትሮጣለች፤ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ነው የምትሮጠው።

እና ልጆቼ፣ ሽቅብ ብቻ የሮጠ ለጭልፊት ያብባል፤ ወደ ጎን የተዘረጋ ለጎረቤት።

ተረቴን አጥሩ ላይ አሰርኳት፤ የወደዳት ፈትቶ ይውሰዳት።